በሕይወት ላለች ሴት የደገስነው ተዝካር

ክርስትና እናቴ በሕይወት እያሉ ተዝካራቸውን በልቻለሁ። መብላት ብቻም አይደለም፤ ጠላውን ያጠለልኩት፣ ለካህናቱ ወጡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከዚህ የምጀምረው ጥፋቱን ሁሉ በእናቴ ላይ ጥዬ ማለፍ ስለማልፈልግ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ከማስተምረው ውስጥ አገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር ስላላት ግንኙነት የሚያወራ ምዕራፍ አለ። መልካም ጉርብትና፣ መከባበር፣ የጋራ ጥቅም፣ እንዲህ እንዲህ ይላል። ይህን ምዕራፍ በሥራ ዘመኔ በአራት ዓይነት ድምፅ አስተምሬዋለሁ። መጀመሪያ የሰሜኗን ጎረቤት ጠላት አድርጌ፣ ቀጥሎ ስሟን ሳላነሳ፣ ከዚያ እህት አድርጌ እያጨበጨብኩ፣ አሁን ደግሞ እንደገና ስሟን እየዘለልኩ። አምና አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ አሁን ወዳጅ ናቸው ወይስ ጠላት? ለፈተና ነው» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ግን በእሷ አልነበረም። ያንን ምዕራፍ እንዳይመጣ አድርጌ ፈተናውን አወጣሁ።

የተወለድኩት ቡሬ ነው። የክርስትና እናቴ ባል የወፍጮ መካኒክ ነበር። ከሽንዲ እስከ ደምበጫ ድንጋዩ የተሰበረበት፣ ሞተሩ እምቢ ያለው ሁሉ እሱን ነበር የሚያስጠራው። የኤርትራ ሰዎች መሆናቸውን ልጅ ሆኜ አውቀው ነበር፤ ግን የማውቀው ሌላው ጎረቤታችን የዳሞት ሰው መሆኑን በማውቅበት መንገድ ነው። መካኒኩ ሳይታሰብ ሞተና ከደብራችን ግቢ ተቀበረ። ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። እዚያው ቀሩና በመኪና ሹራብ እየሠሩ ይኖሩ ጀመር። የቡሬ ብርድ እንጀራቸው ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ለትምህርት ቤት የሚለብሰው የእርሳቸውን ሹራብ ነው።

ከእናቴ ጋር ቤታቸው ቢለያይም ኑሯቸው አንድ ነበር። በሰማንያ ቀኔ ታቅፈው ያስጠመቁኝ እርሳቸው ናቸው። «ጓለይ» ይሉኛል፤ ሴት ልጄ ማለት ነው። ፎቶ አለን፦ እርሳቸው ነጭ ለብሰው፣ እኔ እጃቸው ላይ አፌን ከፍቼ እያለቀስኩ፣ እናቴ ከጎናቸው በኩራት ቀጥ ብላ።

ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። መጀመሪያ በሬዲዮ ነበር። ከዚያ ሰው ክርስትና እናቴ ቤት መግባት ቀነሰ። ሹራብ ያዘዘው ቀረ። በጥምቀት አብረዋቸው ሲጨፍሩ የነበሩ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ነጠላቸውን ማስተካከል አበዙ። እኔ ክፍል ገብቼ ስለ ትልቅ አገርና ትንሽ አገር ባወራሁ ቁጥር የምትመጣብኝ ያቺ ሰሞን ናት። ትልቁ አገር የእኛ ሰፈር ነበር፤ ዕድር ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ የሚፈራው የሌለው። ትንሿ አገር አንዲት ሹራብ የምትሠራ መበለት ነበረች።

አንድ ጠዋት ሁለት ታጣቂዎችና ወረቀት የያዘ ሰው መጡና አንድ ሻንጣ እንዲይዙ ነገሯቸው። መኪናው ከታች ከአስፋልቱ ዳር ቆሟል። ክርስትና እናቴ ሻንጣቸውን ይዘው መጀመሪያ የመጡት ወደ እኛ ቤት ነው። እናቴ በመስኮት አየቻቸው። በሩን ወረወረች፣ አጠገቧ አስጠጋችኝ፣ በመዳፏ አፌን ያዘችው። ከእነሱ ጋር የተወዳጀ ይመዘገባል እየተባለ ነበር፤ ማን እንዳለው እንጃ፣ ብቻ ይባል ነበር።

አንኳኩ። «እህቴ» አሉ። «ልጅቱን ልሳማት፤ እኔ ሌላ ምንም አልልሽም።»

እናቴ አልተነፈሰችም። እንደገና አንኳኩ። ከዚያ የእግራቸውን ድምፅ ሰማሁ፣ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ። እናቴ እጇን ከአፌ ስታነሳ መዳፏ በእኔ እንባ ርሶ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልሠራችም። ስለዚያ ቀን ለብዙ ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በኋላ ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ፣ መንገድ የለ። ሁለት መንግሥታት ተኳርፈው ሃያ ዓመት ገደማ ተቀመጡ። ሰው ከሰው ሲኳረፍ ሽማግሌ ይገባል፤ እነዚህን የሚገላግል ጠፋ። እናቴ ግን በራሷ መንገድ ወሬ ትለቃቅም ነበር። ከዚያ ወገን የመጣ ስደተኛ ባሕር ዳር አለ ከተባለ ትሄዳለች፤ ጠበል ቦታ ትግርኛ የሚናገር ሰው ካየች አጠገቡ ትቀመጣለች። «ከጎጃም የተባረረች፣ ሹራብ በመኪና የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት» እያለች ትጠይቃለች። በመጨረሻ ጠበል ላይ ያገኘቻት አንዲት ስደተኛ ሴት፣ «አውቃታለሁ» አለቻት። «እኛ ሰፈር ነበረች። በፍልሰታ ጾም አረፈች።»

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ቡሬ ገባች። ማነው የነገረሽ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም የተማርኩት፣ የማስተምረው፣ አልጠየቅኩም። ከጎጃም የተባረረች ሹራብ ሠሪ መበለት ሌላም ልትኖር እንደምትችል የገባኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። አስከሬን ስለሌለ የጥምቀቴን ፎቶ አስፍተው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት፤ ሕዝቡ በእርሳቸው ፎቶ ፊት ሲያለቅስ ለእኔም እዚያው ፎቶው ላይ አብሮ ይለቀስልኝ ነበር።

ቄሱ፣ የንስሐ አባታችን፣ ትንሽ አንገራግረው ነበር። ሰው በሌላ አገር ሲሞት ፍትሐት እንደሚደረግ ያውቃሉ፤ ግን ወሬው በአንድ ሰው አፍ መምጣቱ አልጣማቸውም። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። ፍትሐቱ ተደረገ። አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም ወጣ። በሙት ዓመቱ ደብሩ ግቢ፣ በመካኒኩ መቃብር አጠገብ፣ እናቴ በሰው ሁሉ ፊት ቆመች። «በሬን ዘግቼባታለሁ» አለች። «ልጀን ልሳማት ብላ ለምናኝ ዘግቼባታለሁ። እሷ ይቅር ትበለኝ፣ እናንተም ይቅር በሉኝ።» ሕዝቡ «ይቅር ይበልሽ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ቀለላት። እንቅልፍ ወሰዳት፣ ፊቷ ተመለሰ። አንዳንዴ ስትስቅ እሰማት ጀመር።

ከዚያ መሪዎቹ ታረቁ። ሲጣሉ አልጠየቁንም፣ ሲታረቁም አልጠየቁንም። በቴሌቪዥን ተቃቀፉ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ አውሮፕላን በረረ። ስልክ ተከፈተ ሲባል አገር ጉድ አለ። እኔ ክፍል ውስጥ ካርታ ሰቅዬ ስለ ወንድማማችነት ሳስተምር ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ የቡሬው ወፍጮ ቤት ባለቤት ደወሉልኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ልጀ፣ ክርስትና እናትሽ ደወለች።»

«ማን አሉኝ?»

«እኔም እሱን ነው የምልሽ! የተዝካሯን ጠላ ጠጥቻለሁ እኮ! በስመ አብ ብየ ስልኩን ዘጋሁባት። መልሳ ደወለች። የባሏ የሥራ ስልክ አልነበር? ቁጥሩን እስከ ዛሬ ይዛው።»

ያን ዕለት ሳይመሽ፣ ቁጥሬን ከሽማግሌው ተቀብለው፣ ክርስትና እናቴ ራሳቸው ደወሉልኝ። «ጓለይ» አሉኝ። አረጁ እንጂ ድምፃቸው ያው ነበር። ስለ ትዳሬ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ሹራብ መሥራቱን ዓይናቸው ስለደከመ እንደተዉ ነገሩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እናትሽስ? አለች?» አሉኝ። አለች ስላቸው ብዙ አለቀሱ። ቅዳሜ ቡሬ ሄጄ እንደማገናኛቸው ቃል ገባሁ።

ቅዳሜ ለእናቴ ስነግራት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች።

«አትሰሚኝም? በሕይወት አሉ! አሁን ልደውልልሽ?»

«አትደውይ።»

«ለምን?»

«የሞተችዋ ይቅር ብላኛለች» አለች። «ይችን ግን አላውቃትም።»

በዚያን ሰዓት አልገባኝም። ተቆጣኋት። በቁሟ ሬሳ አድርገሻት ደግሞ ታኮርፊያለሽ ወይ እስከማለት ደረስኩ። እሷ ግን ተነስታ ወደ ቄሱ ሄደች። ቄሱ የነገሯትን በኋላ ራሷ ነገረችኝ፦ ስሟን ከሙታን አንስተን ከሕያዋን እንጽፋለን፣ ይኼ ቀላል ነው። ላንቺ ግን ንስሐሽ ስግደትም ጾምም አይደለም፤ በሩን እንደዘጋሽባት፣ ተዝካሯንም እንዳወጣሽ በራስሽ አፍ ንገሪያት። ልጅሽን እንዳትልኪ።

ያንን ንስሐ ሳትፈጽም ስንት ዓመት አለፈ። ክርስትና እናቴ በየበዓሉ ይደውሉ ነበር። እኔ ቡሬ እሄድና ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍቼ መሀከላችን አስቀምጠዋለሁ። እናቴ ለመስማት ትፈልግ ነበር፤ መናገር ነበር የማትችለው። ጋቢዋን አፏ ላይ ጭና፣ ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች። እርሳቸው፣ «የት ሄደች?» ሲሉ እኔ፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» እላለሁ። «ገበያ ወርዳለች» እላለሁ። «ለቅሶ ሄዳለች» እላለሁ። ውሸቱ ሲያልቅብኝ እናቴን በዓይኔ እለምናታለሁ፤ እሷ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ስልኩ ሲዘጋ፣ «ሳሏ አልተሻላትም፣ ሰማሽ?» ትለኛለች። ወይም፣ «ዛሬ ደስ ብሏታል፣ አይደል?» ትለኛለች። የሰማችውን ሳምንቱን ሙሉ ታወራዋለች።

ክርስትና እናቴ እመጣለሁ ብለው ተዘጋጅተው ነበር። ባላቸው መቃብር ላይ ቆመው ፍትሐት ሊያስደርጉ ፈልገዋል። ድንበሩ ተከፍቶ ሰው በአውቶቡስ ይሻገር በነበረበት ሰሞን ታመሙ፤ ሲድኑ ድንበሩ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ የነገረን የለም። ከዚያ በሰሜን የሆነው ሆነ፤ እሱን እዚህ አልተርከውም። እሱ ካለፈ በኋላ ደግሞ የባሕር ወሬ መጣ። ፍኖተ ሰላም ሻይ ቤት ተቀምጠው ከጣና ወዲያ ውሃ አይተው የማያውቁ ሰዎች ወደብ ሲከፋፈሉ እሰማለሁ። «ይህን ሁሉ ሕዝብ ይዘን! እነሱ ስንት ሆነው ነው?» ይላሉ። ልክ ነው፣ ብዙ ነን። እዚያም ወገን በሩን የሚዘጋ እንዳለ አውቃለሁ፤ የዋህ አይደለሁም። ግን እንዲህ ሲሉ ስሰማ መቀመጥ አልችልም። አንድ ጊዜ አንዱን፣ «አንተ ሂድና አምጣው እንግዲህ» ብዬው ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት መግባት ትቻለሁ።

እናቴ የታመመችው ስልኩ መቆራረጥ በጀመረበት ወቅት ነው። ልቧ ነው ተባለ። አንድ ረቡዕ ደወለችልኝ። ትንፋሿ አጭር ነበር።

«ቅዳሜ ነይ» አለች። «ያን ስልክሽን ይዘሽ ነይ። እነግራታለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። በሩንም፣ ድግሱንም። ስድቡን ትስደበኝ። ሳትሰድበኝ አልሞትም።»

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በመኪና ከሰዓት በታች ነው። ያን ቅዳሜ መንገዱ ተዘጋ። ማነው የዘጋው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ በዚህ አገር መንገድ መዘጋት እንደ ዝናብ ነው፣ ይዘንባል ይባላል እንጂ ማን አዘነበው አይባልም። እሑድ በእግርም በሞተርም ሞከርኩ፤ ማንኩሳ ላይ መለሱን። ኔትወርክ ጠፋ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ሌላ አገር ያለ ሰው ድምፅ ይዤላት ልሄድ የነበርኩት እኔ ሠላሳ ኪሎ ሜትር መሻገር አቃተኝ። በየጠዋቱ መነኻሪያ እሄዳለሁ፣ ባዶ ነው፣ እመለሳለሁ። አንድ ቀን እዚያው አጥሩ ጥግ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ተሳደብኩ፤ ማንን እንደምሳደብ ሳላውቅ። የጥበቃው ሰውዬ ውሃ አመጡልኝና፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እህቴ» አሉኝ።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። የሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ድንኳኑን ሳየው ሹፌሩን አስቆምኩት። ከተቀበረች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ቄሱ ከድንኳኑ ወጥተው ተቀበሉኝ። «ጠብቃሽ ነበር» አሉኝ። «በመጨረሻው ቀን ያን ስልክ አምጡልኝ ስትል ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሴቶቹ መሀል ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አየሁት። ከወራት ወዲህ መጥራቱ የመጀመሪያው ነው። ሴቶቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ የማን ስልክ እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ተዝካሩን በልተዋል።

«ጓለይ፣ እንዴት ናችሁ? ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለሽ። እናትሽ አሟታል ብለሽኝ ነበር። እንዴት ሆነች?»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ነው የምለው፣ ልነግራቸው ነበር።

«ተሽሏታል» አልኩ።

ከሴቶቹ አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ተመስገን! ተመስገን! ስጪኝ እስቲ።»

«ተኝታለች።»

«ተያት፣ አትቀስቅሻት። ትረፍ። አንድ ነገር ግን ንገሪልኝ። ሁልጊዜ እሷን ሳገኝ እላታለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት፣ አሁን ግን ዕድሜዬም ሄደ፣ ይኼም ስልክ አይታመንም። ያን ቀን፣ ሲወስዱኝ፣ በሩ ሥር እግሯን አይቼዋለሁ። ያቺን የኮንጎ ጫማዋን። የአንቺም ትንንሽ እግር አጠገቧ ነበር። እዚያው እንዳለሽ አውቄ ነው የሄድኩት በያት። ብትከፍተው ኖሮ እሷንም አንቺንም ይጽፏችሁ ነበር፤ እንዳትከፍት እየጸለይኩ ነው ያንኳኳሁት። ልሳምሽ ፈልጌ አንኳኳሁ፣ እንዳትከፍት ደግሞ ጸለይኩ። ሰው እንዲህ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልተቀየምኳት። ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ» አልኩ።

«ስሟን ከድውያን ጋር እያስጠራሁላት ነው፤ እስክትድን አላቋርጥም። እሷም ታስበኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። እናቴን ለስንት ዓመት ፈሪ እያልኩ ስገላምጣት የኖርኩት እኔ፣ ተራዬ ሲደርስ የቆየሁት የአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አይደለም። ወዲያው መልሼ ደወልኩ። አልገባም። በማግሥቱ አልገባም። በሳምንቱ መስመሩ እንደገና እንደተቋረጠ ሰው ነገረኝ፤ አውሮፕላኑም ቀርቷል፤ ሻይ ቤቱም ስለ ባሕር ማውራቱን አላቆመም።

የእናቴን አርባ አወጣሁ። ቄሱ ጠላውን ባርከው ከተቀመጡ በኋላ ጎንበስ ብለው፣ «ለክርስትና እናትሽ ነገርሻት?» አሉኝ። አልነገርኩም አልኳቸው። ቄሱ አልተቆጡም። የእናትሽን ንስሐ ወርሰሻል አሉኝ፤ በራስሽ አፍ ንገሪያት፣ የእሷንም የራስሽንም። እሺ አልኩ። ሄጄ በእናቴ መቃብር ላይ፣ አልተቀየመችሽም፣ እግርሽን አይታዋለች ብዬ ነገርኳት። ለሞተ ሰው መናገር እንዴት እንደሚቀል ያኔ ገባኝ።

በየእሑዱ ከቅዳሴ ስመለስ እደውላለሁ። አይጠራም። በዚያ ሰዓት እዚያም ቅዳሴ ወጥቷል፤ ካህኑ የድውያንን ስም ጠርቷል፣ ክርስትና እናቴ «ምሕረቱን ያውርድላት» ብለዋል። እዚያ እናቴ ገና አልሞተችም።